ያለ እኔ የታየው ክፍል ሁለት

አብራችሁ ፊልም የጀመራችሁት ሰው ቀጣዩን ክፍል ከሌላ ሰው ጋር አይቶባችሁ ያውቃል? ካልደረሰባችሁ ተራ ነገር ይመስላችኋል። እኔ ባለፈው ሳምንት መሳቢያዬን ሳጸዳ አንድ የተጫጫረ ዲቪዲ አገኘሁ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የጥርስ ሳሙና የሸተተኝ መሰለኝ፤ ከሽታው ጋር ያ የድሮ ቅናት ተመልሶ መጣ።

የጥርስ ሳሙናው ነገር ላልገባው ላስረዳ፤ መምህር ነኝና ማስረዳት ልማዴ ነው። ያኔ የተጫጫረ ዲቪዲ ፊልሙ መሀል ላይ ሲቆም፣ የጥርስ ሳሙና በጣት ይቀባና ከመሀል ወደ ዳር በቀስታ ይታሻል፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። በእኛ ቤት ይህን የምትሠራው ታላቅ እህቴ ነበረች። እኔ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ እጠብቃለሁ።

ቤታችን ከጣና ዳር ብዙ አይርቅም። ቅዳሜ ከሰዓት አባታችን ፋብሪካ ተረኛ ሲሆን፣ እናታችን ለቅሶ ወይም ማኅበር ስትሄድ፣ ሳሎኑ የእኛ ይሆናል። እህቴ መጋረጃውን ትዘጋለች። ነፋሱ ጨርቁን ገፋ ባደረገው ቁጥር ከሐይቁ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ይገባል፤ የፀሐይ ጭረትም ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፍና አክተሩን ለአፍታ ያጠፋዋል። ሕጋችን አንድ ነበር፤ ክፍል አንዱን አብረን ካየን፣ ክፍል ሁለቱን አንዳችን ያለ ሌላችን አናይም።

«አባዬ ይሙት በይ» እላታለሁ።

«አባዬ ይሙት። በል አሁን ዝም በል፣ ጀመረ።»

ክፍል ያለው ፊልም ስንወድ ለጉድ ነበር። እህቴ የየአገሩን ጠባይ ለይታ ታውቀዋለች። የሕንድ ከሆነ፣ ክፍል አንድ ላይ የሞተው ሰው ቁርጥ እሱን የሚመስል ልጅ አስቀርቷል። የአሜሪካ ከሆነ፣ ገደል የገባው ክፉ ሰው ፊቱ ተበላሽቶ ይመለሳል። የኮርያ ከሆነ፣ ልክ ሊጋቡ ሲሉ አንዳቸው ይታመማል። የእኛ አገር ከሆነ ደግሞ ሠርጉ ሊፈርስ ሲል «ይቀጥላል» ይልና፣ ቀጣዩ እስኪወጣ ተዋናይቷ ራሷ ወልዳ ታሳድጋለች። ከሁሉ አብልጠን የያዝነው ግን አንድ የሆንግ ኮንግ ፊልም ነበር። አክተሩ የወንድሙን ገዳዮች የሚያሳድድ፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው ፖሊስ ነው። ሦስት ክፍል አለው ሲባል ሰምተናል።

ፊልሞቹን የምንከራየው ከአስፋልቱ ማዶ ከምትገኝ አንድ ጠባብ ሱቅ ነበር። አከራዩ ከወረታ የመጣ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ የሚያበጥር ወጣት ነው። ለሰው ሁሉ ፊልም ያከራያል፤ ለእህቴ ግን ያስቀምጥላታል። ይህ ነገር ከመጀመሪያው አልጣመኝም።

«ጎበዙ፣ እህትህ ዛሬ የለችም?» ይለኛል።

«ምነው፣ እኔ አልበቃም?»

«ለፊልሙማ ትበቃለህ።»

ሱቁ ውስጥ ያሉት ጎረምሶች ይስቃሉ። እኔ ዲስኩን ነጥቄው እወጣለሁ።

የፖሊሱን ክፍል ሁለት ያየን ቀን ነገሩ ፈረጠ። አክተሩ ወደ አንድ ጨለማ መጋዘን ተጠጋ። ሙዚቃው ገና አልጀመረም፣ በሩም አልተከፈተም። እህቴ ግን ዐይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። በሩ ሲከፈት የተሰቀለ ሰው ታየ።

«በምን አወቅሽ?» አልኋት።

«ጠረጠርሁ።»

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አንድ ባለ ጀልባ ሽማግሌ ቀልድ ይናገራል። ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት እህቴ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን እየያዘች ነበር።

«እታለም፣ ይህን ፊልም አይተሽዋል።»

«የት አይቼው?»

«እሱ ሱቅ።»

አንገቷን ደፋች። «ዲስኩ ይሠራ እንደሆን ሲሞክረው ቆሜ ነው።»

«እስከ መጨረሻው ነው የሚሞክረው?»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። እኔም ቀሪውን አላየሁትም፤ ዐይኔ እዚያው ቢሆንም ልቤ ሱቁ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው፣ የሱቁን ትንሽ ቴሌቪዥን እያዩ፣ በሽማግሌው ቀልድ አብረው ሲስቁ ታየኝ። ስትደነግጥ ነጠላዋን የሚያይ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጥሁ። ክፍል ሦስትን ከእሱ ቀድሜ አገኘዋለሁ፤ እህቴም ከእኔ ጋር እንጂ ከማንም ጋር አታየውም። ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ፤ የለም። በመጨረሻ ገበያ ውስጥ ላስቲክ አንጥፎ ዲስክ ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ያ አክተር ከሽፋኑ ላይ ሲያየኝ ልቤ ዘለለ።

«ክፍል ሦስት ነው?» አልሁት።

«አክተሩ እሱ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እሱ ከሆነ ቀጣዩ ነው።»

አትሳቁብኝ። ያኔ በእኛ ሰፈር ይህ የታወቀ ሕግ ነበር፤ አክተሩ አንድ ከሆነ ፊልሙም ተከታይ ነው። የፊልሙን አገርም ሆነ ርእስ ልብ የሚል አልነበረም።

ቅዳሜ መጋረጃው ተዘጋ። ፊልሙ ሲጀምር አክተሩ በአንድ የአውሮፓ ከተማ ሾርባ ያማስላል። ነጭ ቆብ አጥልቋል።

«ፖሊስ አልነበረም እንዴ?» አልሁ።

እህቴ ቴሌቪዥኑን አየች፣ ሽፋኑን አየች፣ ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ሥራውን ለቆ ነው» አለች። «ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ሽጉጥ መያዝ አስጠላው። ስለዚህ ምግብ ቤት ከፈተ።»

«ስሙስ ለምን ተቀየረ?»

«ጠላቶቹ እንዳያገኙት ነዋ።»

«ጠባሳውስ?»

«ሐኪም ቤት አስጠፍቶት ነው። አንተ ልጅ፣ በዚህ ጥያቄህ መምህር ሆነህ ነው የምትቀረው።»

እስከ መጨረሻው እንዲህ እያገጣጠመችልኝ አየነው። እንደዚያ ቅዳሜ የጣመኝ ቅዳሜ የለም። በማግሥቱ ሱቁ ሄድሁና ደረቴን ነፍቼ «ክፍል ሦስትን እኛ አየነው» አልሁ።

አከራዩ ዲስክ እየወለወለ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። «ሽጉጥ አስጠልቶት ምግብ ቤት የከፈተበትን?»

«አንተም አይተኸዋል?»

«አላየሁትም፤ ሲወራ ሰምቼ ነው። ቀደምኸኝ፣ ጎበዙ።»

እየዘለልሁ ወደ ቤት ተመለስሁ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ያገኘሁት ዲቪዲ ያ «ክፍል ሦስት» ነው። ማጫወቻ ስለሌለኝ ርእሱን በስልኬ ፈለግሁት። ለካስ የፖሊሱ ፊልም ዘመድ እንኳ አይደለም፤ የሌላ አገር፣ የሌላ ሰው ታሪክ ነው። እውነተኛው ክፍል ሦስት ለብቻው አለ፤ እዚያ አክተሩ እስከ መጨረሻው ፖሊስ ነው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሳቄ ቆመ። ሽጉጡ አስጠልቶት ምግብ ቤት የከፈተው ሰው በእህቴ አፍ ውስጥ ብቻ የኖረ ሰው ነው። አከራዩ ታዲያ ከማን ሰማው?

የተማሪ ደብተር የማርም ትልቅ ሰውዬ፣ እንደዚያ ልጅ ቀናሁ። የእኛ ብቻ ብዬ የያዝኋት ቅዳሜ እሷም ተወስዳለች።

እህቴ ዛሬ ወረታ ናት፤ ያን አከራይ አግብታ ልጆች አድርሳለች። ደወልሁላት።

«እታለም፣ ያ ፊልም ክፍል ሦስት አልነበረም።»

«አሁን ገና ነው የነቃኸው?» ከሳቋ ጀርባ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ለእሱ ነግረሽው ነበር።»

«ምኑን?»

«ምግብ ቤቱን።»

«አዎ ነገርሁት። ሄደህ እንደምትኮራበት አውቄ፣ ቀድሜህ ሄጄ ነው የነገርሁት። እንዲህ ብዬዋለሁና እንዳትስቅበት አልሁት።»

«እውነተኛውንስ አብራችሁ አያችሁት?» አልኋት።

«በተጋባን ሰሞን አምጥቶት ነበር። እኔ አይቼዋለሁ አልሁት።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል። ከማን ጋር እንዳየሁት ያውቃል። ኩርፍ ብሎ ብቻውን አየው።»

ልጆቿ ሲጠሯት ተሰማኝ። «መጣሁ!» አለቻቸው፤ ከዚያ ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ «እውነተኛውን እስከ ዛሬ አላየሁትም» አለችኝ። ስልኩ ተዘጋ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ክፍል አንዱን አብሯችሁ ያየ ሰው ይኖራችኋል፤ አግብቶ ወይም ሥራ አግኝቶ ርቆ ይሆናል። ቀጣዩን ክፍል ከመክፈታችሁ በፊት ደውሉለትና «አይተኸዋል?» በሉት። አይቼዋለሁ ቢላችሁ ቶሎ አትቀየሙት፤ ከማን ጋር እንዳየው ጠይቁትና እስኪመልስላችሁ ጠብቁ።