ቮልቴጁን ማውረድ

የመጡት ጠዋት ነው፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ፒያሳ የነበረችውን ጠባብ የትርጉም ቢሮዬን ከፍቼ ገና ቁልፉን ከበሩ ሳላወጣ ደረሱብኝ። ሴቲቱ ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። "ስልክሽን" አለችኝ፣ ሰጠኋት። ፖሊስ ጣቢያው ቅርብ ስለነበረ በእግር ነው የሄድነው። ላየን ሰው አራት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ማኪያቶ ልንጠጣ የወጣን እንመስል ነበር። ወርቅ ቤቶቹ ገና መዝጊያቸውን እየከፈቱ ነው። አንድ የማውቀው ባለሱቅ ከሩቅ ሰላም አለኝ፤ ጎንበስ ብዬ መለስኩለት።

የሴቶቹ ክፍል ግድግዳ እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል። ሰው ጀርባውን የሚያስደግፍበት ቦታ ላይ ግን ቀለሙ አልቆ ሲሚንቶው ወጥቷል። በረኪናና ያልደረቀ ብርድ ልብስ ይሸታል። ሰባት ሴቶች ነበሩ። ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ሂጃባቸውን አስተካክለው ካርቶናቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ።

"ነይ እዚህ። ሲሚንቶው ለኩላሊት አይሆንም" አሉኝ። "ሥራሽ ምንድን ነው?"

"የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን እተረጉማለሁ።"

"እንግዲያው ቲቸር ነሽ" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲቸር ሆንኩ። እኔ ደግሞ እትዬ እላቸው ነበር።

እትዬ ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ነበራቸው። በሙሽርነት ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ ሱቁን ብቻቸውን ይዘው ቀሩ። የተያዙት ሱቅ በመዝጋት ነው። "ወንድሜ አርፎ ለቅሶ ሄጄ ነው የዘጋሁት" አሉኝ። "ለካ በዚያው ቀን ሰፈሩ ሁሉ አድሞ ዘግቶ ኖሯል። አሁን ሟቹ መሞቱን ማን ይመስክርልኝ?" ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ነበር። ከላይ ከስልኬ የተገኘው የእንግሊዝኛ መልእክት፣ ከሥሩ አንድ የማላውቀው ሰው የሠራው የአማርኛ ትርጉም።

መልእክቱን የጻፍኩት ለጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም የምንኖረው እንዲፈርስ በተወሰነ ሰፈር ነበር፤ ልጆቹ የትምህርት ዘመናቸውን እስኪጨርሱ ጊዜ ይሰጠን የሚል ማመልከቻ ከሚያዘጋጁት መካከል ነበርን። በዕድሩ አዳራሽ ስብሰባ ተደርጎ ሰዉ ተቆጥቶ ነበር። ወንበር ላይ የወጣም ነበረ። ለቅዳሜ ደግሞ የወረዳው ኃላፊዎች ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል። ከተማሪነታችን ጀምሮ በእንግሊዝኛ መጻጻፍ ልማዳችን ነውና፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ዛሬ ቮልቴጁ በጣም ከፍ ብሎ እንደነበር፣ ከቅዳሜ በፊት ማውረድ እንዳለብን ጻፍኩላት። በእንግሊዝኛ እንዲህ ማለት የተለመደ ነው። የጦፈ ክርክር፣ ሕዝብ የሚያስጨበጭብ ዘፋኝ፣ ፊት የሚያበራ ፈገግታ፣ ሁሉም ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይባላሉ። ማውረድና መጣልም በእንግሊዝኛ በአንድ አባባል ይነገራሉ።

ወረቀቱ ላይ ያለው አማርኛ ግን እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ ኃይሉ ከፍተኛ ነበር። ከቅዳሜ በፊት ልንጥለው ይገባል።"

"ኃይሉ ማን ነው?" አለኝ መርማሪው። "መብራቱ ነው ወይስ መንግሥት?"

"ሁለቱም አይደለም። የሰዉ ስሜት ነው።"

"ቮልቴጅ ስሜት ነው?"

"በእንግሊዝኛ ይባላል።"

"ኤሌክትሪክ ተምረሻል?"

"አልተማርኩም።"

"ታዲያ ያልተማርሽውን ምን አስጻፈሽ?"

ሃያ ዓመት ሙሉ ቃሉን ሳስተምር፣ ሽቦው ላይ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። መርማሪው ብዕሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

"ትርጉሙ ትክክል ነው ብለሽ ፈርሚ። ሐሳቡ የጓደኛዬ ነው በይ። ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ካልሆነ በመሠረተ ልማት ላይ ጉዳት ለማድረስ ተብሎ ነው መዝገቡ የሚከፈተው፤ እሱ ደግሞ ዋስትናም የለውም። እስከ ነገ አስቢበት።"

ጓደኛዬ ሁለት ትናንሽ ልጆች አሏት። እሷን አልያዟትም ነበር።

ወደ ክፍሉ ስመለስ እትዬ ከቤት የመጣላቸውን ቆሎ ለሴቶቹ እያከፋፈሉ ነበር። ፊቴን አይተው አንድ እፍኝ መዳፌ ላይ አደረጉና የሆነውን እንድነግራቸው ጠበቁ። ነገርኳቸው። "መጣል" የሚለው ላይ ስደርስ ቆሎ ማኘካቸውን አቆሙ።

"ማውረድና መጣል አንድ ነው እንዴ? እኔ ቮልቴጅ የሚያወርድ ዕቃ ሸጬ ነው ልጆች ያሳደግኩት። ስታቢላይዘር ታውቂያለሽ?"

"ፍሪጅ ላይ የሚደረገው?"

"እሱ። መብራት ሲዋዥቅ፣ የበዛውን ያወርዳል፣ ያነሰውን ከፍ ያደርጋል። የሚወርደው ዕቃው እንዳይቃጠል ነው። እኔ ዘንድ ገዝቶ ቤቱ የጨለመበት ሰው የለም።"

"እሺ እትዬ፣ ቮልቴጅ ራሱ ግን ምንድን ነው?"

ትንሽ አሰቡ። "ባሌ ሲያስተምረኝ፣ ሽቦ ላይ የተቀመጠች ወፍ ለምን እንደማትሞት ነበር መጀመሪያ የጠየቀኝ። ሁለቱም እግሯ አንድ ሽቦ ላይ ነው። ቮልቴጅ ብቻውን የለም፣ ቲቸር። በዚህና በዚያ መካከል ነው ያለው። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሲሉሽ፣ ከየት እስከ የት ብለሽ ጠይቂ። ልዩነቱ ሲሰፋ ነው የሚገፋው፣ ግፊቱ ሲበዛ ነው የሚያቃጥለው።" ከዚያ በእጃቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። "በትልልቁ የብረት ምሰሶ ላይ የሚሄደውን መስመር ሃይ ቴንሽን ይሉት የለ? እሱም ይኸው ነው።"

ቆሎውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ሃይ ቴንሽን። በከተማው ያለ ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ነው፤ እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ቴንሽን ደግሞ በአማርኛ ውጥረት ነው፤ የሽቦውም፣ የሰዉም። መርማሪው ፊት ያጣሁትን ቃል ስታቢላይዘር የሚሸጡ ሴት አቀበሉኝ።

"እትዬ፣ አስተማሪዋ እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

"እኔ ሻጭ ነኝ" አሉ። "ብዪ ቆሎሽን።"

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን በእትዬ ማበጠሪያ አበጥሬ ገባሁ። ለመርማሪው የወፏንም፣ የስታቢላይዘሩንም፣ የሃይ ቴንሽኑንም ነገርኩት። በመካከል ስልኩ ጠርቶ አነጋገረ፤ ሲጨርስ የቱ ጋ እንደደረስኩ ረስቶት ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም። ወረቀቱን አዙሮ የፊርማውን ቦታ በጣቱ አሳየኝ።

ብዕሩን አነሳሁ። በዚያ ትርጉም ላይ ምንም አልሰረዝኩም፤ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ከሥሩ በቀረው ባዶ ቦታ፣ ለደንበኛ እንደምጽፈው አድርጌ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦

"ከላይ ያለው ትርጉም የእኔ አይደለም፣ ትክክልም አይደለም። ትክክለኛው፦ ዛሬ በመካከላችን ያለው ውጥረት በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ከቅዳሜ በፊት ልናረግበው ይገባል። ሐሳቡም ጽሑፉም የእኔ ብቻ ነው።"

እሱ ሥር ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

አነበበው። "ፈርሚ ያልኩሽ እላይኛው ላይ ነው።"

"ያልተረጎምኩት ላይ አልፈርምም። እንጀራዬ ነው።"

የተቆጣ አይመስልም፤ የደከመው ይመስል ነበር። ወረቀቱን ማኅደር ውስጥ ከቶ በር ላይ የቆመችውን ፖሊስ ጠራ።

ከዚያ በኋላ አስራ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቤ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጠኝ። በሦስተኛው በዋስ ተለቀቅኩ። ያ ያሉት ክስ አልተከፈተም፤ ለምን እንዳልተከፈተ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጓደኛዬን አልጠሯትም። የቅዳሜው ስብሰባ ያለ እኔ ተደርጓል። ለአንዳንዱ ጊዜ ተሰጠው፣ ለአንዳንዱ አልተሰጠውም። ዛሬ ሰፈሩ የለም። እትዬ ከእኔ አራት ቀን ቀድመው ወጡ፤ ሱቃቸው ሲፈርስ ዕቃውን ጭነው ከከተማው ዳር ሌላ ከፈቱ። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ደንበኛ ነበራቸውና ብዙ አላወራንም፤ ስወጣ ግን ለሰውየው "የእንግሊዝኛ ቲቸሬ ናት" ሲሉት ሰማሁ።

ቢሮዬ አሁን አራት ኪሎ ነው። የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ እተረጉማለሁ። ያ ወረቀት ዛሬም በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ማኅደር ውስጥ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አንዳንዴ በልቤ እደግመዋለሁ። "ልናረግበው" ከምል "ልናበርደው" ብል ሳይሻል አይቀርም ነበር። ሌላው ግን እንደተጻፈ ይቆይ።