ሰባቱ ወለተ ማርያሞች

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከደብራችን ጽሕፈት ቤት ሰው ተላከብኝ። የኮሮናውን ዓመት የቀብር መዝገብ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው «ጸሐፊውን አገናኙን» ብለው ኖሯል።

ጸሐፊው እኔ ነኝ። ፊደልን በአርጩሜ የቈጠርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ በመዝገቤ ውስጥ ሃሌታው «ሀ» በሐመሩ «ሐ» ቦታ ገብቶ አያውቅም።

የጠበቀችኝ ኮምፒውተር የያዘች ወጣት ናት። ጨዋ ልጅ... ብድግ ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

«የኔታ፣ ያን ጊዜ የተመረመረው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የቀብር መዝገቡን ከሌላው ዓመት ጋር እያስተያየን የከተማውን ትርፍ ሞት እናወጣለን።»

«ምን አልሽ?»

«ትርፍ ሞት... ከተለመደው በላይ የሞተው ማለቴ ነው።»

«እኔ በዚያ ዓመት ያተረፈ ሰው አላየሁም» አልኋት።

አንገቷን ደፋች። ከዚያ የመዝገቤን ግልባጭ እንዳየው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። የፈለግሁት አንድ ስም ነው፤ የባለቤቴን። በመጋቢት ወር መጨረሻ፣ ትንፋሿ አጥሮ በዘጠነኛው ቀን ዐረፈች። የመረመራት የለም። ለቀብሯ አምስት ሰው መጣ፤ ጎረቤት በአጥር ማዶ ሆኖ አለቀሰ። የክርስትና ስሟን፣ ወለተ ማርያም ብዬ፣ በዚህ መዝገብ ያሰፈርሁት እኔው በእጄ ነኝ።

ግልባጩ ላይ የለችም።

በዚያ ወር ሰባት ወለተ ማርያም ጽፌያለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው አንዲት ናት፤ እርሷም በወሩ መጀመሪያ የተቀበረች ሌላ ሴት።

«የቀሩት የት ሄዱ?»

«ድግግሞሽ መስሎን ነው የኔታ... ለሠልስትና ለዐሥራ ሁለት ቀን እንደገና የተጻፈች አንዲት ሴት ናት ብለን አወጣናቸው።»

«ልጄ፣ የተደጋገመው ሞቱ ነው! ተዝካር በዚህ መዝገብ አይጻፍም። ሰባት ሴት ነው የቀበርነው!»

«ታዲያ ምነው የዓለም ስማቸውን አልጻፉት?»

«በጸሎት የዓለም ስም አይጠራም። ሥርዓቱ ነው!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ስለ ነበር በረንዳ ላይ የተቀመጡት ቄስ ዘወር ብለው አዩኝ። ልጅቱ ግን አልተቈጣችም።

«እኔስ አምንዎታለሁ። አለቆቼ ናቸው በቃል ብቻ የማይቀበሉኝ። የስድስቱን የዓለም ስም ከነሰፈራቸው ይጻፉልኝና ዛሬውኑ እመልሳቸዋለሁ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። በኩራት ተቀመጥሁ።

ይታይሽ... ባለቤቴ። ጻፍሁ።

ዘነቡ፣ ከቤታችን በላይ የነበረችው። ጻፍሁ።

ሦስተኛዋ ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ሸክላ ትሸጥ ነበር። ድስት ገዝቼባታለሁ፤ ዋጋ ተከራክሬያታለሁ። ስሟን ግን... ጠይቄያት አላውቅም።

አራተኛዋ? አምስተኛዋ? ያን ጊዜ አስከሬን ይዘው የሚመጡት ፈርተውኝ፣ እኔም ፈርቻቸው፣ ከበሩ ማዶ ሆነው «ወለተ ማርያም!» ብለው ይጮኹልኝ ነበር። እኔ ከወዲህ እጽፋለሁ። ፊደሉ ያምራል። የማን እናት፣ የማን ሚስት ናት ብዬ የጠየቅሁበት አንድ ቀን እንኳ ትዝ አይለኝም።

«ቀስ ብለው ያስታውሱ የኔታ፣ አልቸኩልም» አለችኝ።

ፈጥሮ መጻፍ ቀላል ነበር... አበበች፣ ጥሩነሽ፣ ብዙ ስም አለ። ማን ያጣራል? እጄ ግን እንቢ አለ።

ወረቀቱን ሁለት ስም ይዞ መለስሁላት። ባለቤቴ ተቈጠረችልኝ። አራቱ ሴቶች በዚያው ቀሩ።

እግዚአብሔር ለይቶ ያውቃቸዋል ብዬ ነበር ሳልጠይቅ የጻፍኋቸው... ልጅቱ ግን የጠየቀችው እኔን ነው።