ዓሣ የተባለው ቲማቲም

ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ሰውዬውን ቴሌቪዥን ላይ አየሁት። ፀጉሩ ሳስቷል፣ ከስሙ በፊት ማዕረግ ተጨምሮለታል፤ ድምፁ ግን ያው ነው፤ በቅጡ ያላወቀውን ነገር እንደ አዋጅ የሚያነብበት ድምፅ። ባዕድ ዘረመል ስለገባባቸው ሰብሎች በረከት ይሰብካል። ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት።

ያኔ ጅግጅጋ ተማሪ ሳለሁ፣ ከዩኒቨርሲቲ ገና የተመለሰ የባዮሎጂ መምህራችን ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ። እናቴ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ትሸጣለች። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ከኤረር የሚመጣ፣ ቆዳው ጠንካራ፣ ቶሎ የማይፈርስ አዲስ ቲማቲም አገኘችና ያላትን ሁሉ አወጣችበት። በካራማራ ዳገት አይሱዙ ላይ ሲንገጫገጭ መጥቶ እንኳ አይፈነዳም ነበር።

ታዲያ ይህ ጉደኛ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጣ። ፈረንጆች የዓሣ ዘረመል ቲማቲም ውስጥ እንደሚከቱ የሆነ ቦታ አንብቧል፤ ያውም ግማሹን። "ገበያችን ውስጥ ያለው የማይበላሸው ቲማቲም ምን ይመስላችኋል? ዓሣ ነው!" አለ። ተጨበጨበለት።

በማግስቱ የእናቴ የድሮ ደንበኛ ኸድራ ዘንቢሏን ወደ ኋላዋ ሸሸግ አደረገች። "ወላሂ እህቴ፣ አንቺን እወድሻለሁ፤ ግን ካሉን ቤቴ አይገባም" አለቻት። ዓሣ ማለቷ ነው፤ በግመልና በፍየል ሥጋ ያደገች ሴት ናት፣ ዓሣ ሲባል ይቀፋታል። የእኛዎቹ ክርስቲያኖች ደግሞ ይባስ ብለው፣ ቲማቲሙ ጾም ያስገድፋል አያስገድፍም ሲከራከሩ ሰነበቱና ለጥንቃቄ ተዉት። እናቴ በአንድ መሃይም አፍ የሁለቱንም ሃይማኖት ደንበኞች አጣች። ጠዋት እየወለወለች ትደረድራለች፣ ሲመሽ መልሳ ትሸከማለች።

ከፋሲካ በኋላ የመምህሩ ሠርግ ደረሰ። እናቱ መጡና "ያው ልትደፊው አይደል?" ብለው፣ ሳይበላሽ የቀረውን ከነሳጥኑ በርካሽ አስጫኑት። ሠርጉ ላይ ሙሽራው የቲማቲሙን ስልስ በእንጀራ እየጠረገ ሲጎርስ አጠገቡ ሄድኩ።

"ቲቸር፣ ዓሣው እንዴት ነው?"

"ሲበስል ችግር የለውም" አለኝ፣ አፉን እየጠረገ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ቲማቲም አልሸጠችም። ከሰል ጀመረች፤ ጣቶቿ ዛሬም ድረስ አልጠሩም።

የዓሣ ዘረመል የገባበት ቲማቲም ከሙከራ አልፎ የትም ገበያ እንዳልደረሰ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ስለ ሳይንሱ ክፉም ደግም አልናገርም፤ የሚያውቁት ይመርምሩት። እኔ የምንቀው ያንን አፍ ነው፤ ሲያወግዝም ሲያሞግስም ዕዳውን ሌላ ሰው የሚከፍልለትን አፍ።

ያን እሁድ እናቴም አጠገቤ ተቀምጣ ሰውዬውን ቴሌቪዥኑ ላይ ስታየው ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ይሄንን የሚያሞግሰውን ደግሞ የማን እናት ናት የምትሸጠው?" አለችኝ።