ከአባቴ ማሳ እስከ ልጄ ግሬደር

ሥራ የጀመርሁት ቡሬ በነበረው የመንገድ ካምፕ ነው። ከቋሪት ይዘውኝ የመጡት አባቴ ናቸው። ፎርማኑ አቶ ጥላሁን ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ብቻህን መዋል ትችላለህ?" አሉኝ። ከወንድሞቼ ጋር እየተጋፋሁ ያደግሁ ነኝና ጥያቄው አልገባኝም። እችላለሁ አልሁ።

አባቴ ፎርማኑን፣ "ጌታዬ፣ መሬቱ ለልጆቼ አልበቃ አለ። ይኸን አንዱን እርስዎ ያሳድሩልኝ" አሏቸው። ለእኔም፣ "ደመወዝ ማለት በረዶ የማይመታው እርሻ ነው። እንዳትለቀው" ብለው በመጡበት ተመለሱ።

መጀመሪያ የጠጠር መንገድ በሚያስተካክለው መኪና፣ በግሬደር ላይ ረዳት ነበርሁ። ግሪስ እቀባለሁ፣ ዘይት እለካለሁ፣ ናፍጣ እሞላለሁ። በኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ኦፕሬተር ሆንሁ። የጠጠር መንገድ መሃሉ እንደ በሬ ጀርባ ከፍ ብሎ ዳርና ዳሩ ዝቅ ካላለ ውኃ ይበላዋል። ያን ቅርጽ የሚያወጣው ከግሬደሩ ሆድ ሥር ያለው ምላጭ ነው። ትንሽ ጠልቆ ከገባ መንገዱን ይቦጫጭቀዋል።

ለጥገና የሚወጣ ግሬደር ብቻውን ነው የሚውለው። ገበያተኛው አቧራውን ሸሽቶ እርሻ ውስጥ ይገባል፤ ሳልፍ እጁን ያነሣልኛል፣ እኔም አነሣለሁ። የሞተሩ ድምፅ አያነጋግርም። የአቶ ጥላሁን ጥያቄ የገባኝ ያኔ ነው።

ባለቤቴ ዘርፌ ፍኖተ ሰላም ሆና ልጃችንን እናኑን ታሳድጋለች። እኔ ወር ሲሞላ ብቅ እላለሁ። አንድ ቀን በሩን ሳንኳኳ እናኑ ከፈተችና፣ "እማዬ፣ እንግዳው መጣ" አለች። ዘርፌ ሳቀች። እኔም ሳቅሁና ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርሁ።

የዚያን ዕለት ይህች ልጅ ተምራ ቢሮ ትገባለች፣ ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች ብዬ ወሰንሁ። ተማረችም። በሲቪል ምሕንድስና ተመረቀች። ዘርፌ ግን ምረቃዋን ሳታይ ዐረፈች።

እኔ ያለ ዲፕሎማ በአንድ ቀን የተቀጠርሁ ሰው፣ ልጄ ዲግሪ ይዛ ከአንዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ስትዞር አየሁ። የሥራ ልምድ ይሏታል። ሳይቀጥሯት ከየት ታምጣው?

በመጨረሻ ዱሮ ረዳቴ የነበረውን፣ አሁን የአንድ ተቋራጭ የሥራ ኃላፊ የሆነውን ደረጀን ለመንሁት። "ጋሼ፣ ለእርስዎ ልጅ ምን እሰስታለሁ?" አለኝ። "መሐንዲስ ግን ሞልቶኛል። ያጣሁት ኦፕሬተር ነው።"

ማታ እራት ላይ እንደ ቀልድ ነገርኋት። አልሳቀችም።

"እማረዋለሁ" አለች።

"ያን ሁሉ የተማርሽው ግሬደር ላይ ልትወጪ ነው?"

"አባዬ፣ አያቴ እንጀራ አለበት ያሉት ቦታ ላኩዎት። እርስዎም እንጀራ አለበት ያሉት ቦታ ላኩኝ። አሁን የት እንዳለ የማየው እኔ ነኝ። ይልቀቁኝ።"

ለቀናት ተከራከርኋት። አፌ የሚለው ስለ ዲግሪዋ ነበር። ሆዴ የሚለው ግን ሌላ ነው። የካምፕ ኑሮን አውቀዋለሁ፤ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁና እሷ ከሄደች ደግሞ ቤቱ ውስጥ የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ።

በመጨረሻ እሺ አልኋት። ማሠልጠኛ ገብታ መንጃ ፈቃዷን አወጣች። ሥራ የጀመረች ቀን አብሬያት ሄድሁ። ግሪሱን ራሷ ቀባች። ተነሥታ ጥቂት እንደሄደች ምላጩ ጠልቆ ገባባት። ደረጀ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝሁት። እናኑ አቆመች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ምላጩን አንሥታ እንደገና ገባች። ሁለተኛው ጥሩ ነበር።

ደመወዟ እኔ በጉልበቴ ሳለሁ ካገኘሁት ይበልጣል። መንገዱ ሲያልቅ ግን ውሉም አብሮ ያልቃል። ጡረታሽስ ስላት፣ "እሱን የሚጠብቅ የእኔ ጓደኛ የለም፣ አባዬ" ትለኛለች። እኔ በጡረታዬ ነው የምኖረው።

እሑድ እሑድ ትደውላለች። በላሽ? በላሁ። እርስዎስ? እኔም በላሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ስልኩን ግን አንዘጋውም።

አባቴ ለእኔ የተመኙት በእሳቸው ዘመን የጎደለውን ነው። እኔም ለልጄ እንዲሁ አደረግሁ። በእሷ ዘመን የጎደለውን የምታውቀው ግን እሷ ናት። ልጅ ሥራውን ሲመርጥ መንገድ ልቀቁለት። ቤቱ ጭር ይላል፤ እሱን መልመድ የወላጅ ፈንታ ነው።