ቴሌቪዥኑን እንድገድል የተለመንኩ ቀን

እንድጠግን ተጠርቼ እንድገድል የተለመንኩት በሕይወቴ አንዴ ብቻ ነው... አስመራ፣ ፓራዲዞ ሰፈር፣ ነፃነቱ ገና ትኩስ ሳለ።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ያኔ እዚያው አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ነበር። ያን ቀን ከሰዓት አደይ ለተብርሃን የሚባሉ እናት ቤት ስደርስ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ክንዴን ይዘው ኩሽና አስገቡኝና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ሞቷል በለው» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ማን ነው የሞተው፣ አደይ?»

«ቴሌቪዥኑ። አይጠገንም በለው። ልጄ ከሠራዊቱ ከተሰናበተ ወዲህ ከቤት አይወጣም። አሁን ደግሞ እህቱ ከጀርመን ጌም ላከችለት፣ ጭራሽ መጋረጃውን ዘጋ። ስለ አላህህ ብለህ... ፀሐይ ይይልኝ።»

እሺም እምቢም ሳልል ሳሎን ገባሁ። በሙያዬ የሚጠገነውን ሞቷል ብዬ አላውቅም። እናት ስትለምን ግን እምቢ ማለትም ይከብዳል።

ልጃቸው ጎይትኦም ሶፋው ላይ ቁጭ ብሏል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በረሃ የወረደ ታጋይ ነው። ሊወጣ እንደተነሳ ሰው ታጋዮች የሚያደርጉትን ሺዳ ጫማውን አጥብቆ አስሯል... ግን አይወጣም። የቴሌቪዥኑን ጀርባ ስከፍት አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ብየዳው ተሰንጥቋል፣ አይቼዋለሁ። በረሃ ሬዲዮ እጠግን ነበር። መበየጃ ካውያ ስለሌለኝ ነው አንተን ያስጠራሁት።»

አለቀልኝ። ውሸቱ ከአፌ ሳይወጣ መንገዱ ተዘጋበት። በካውያ ነካ አደረግሁት፣ ምስሉ መጣ። አደይ ለተብርሃን ከበሩ ሥር ሆነው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም።

ጎይትኦም ወዲያው ጌሙን ከፈተና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ጌሙ የጃፓኖች ነው። ሽፋኑ ላይ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉ ክልክል እንደሆነ ተጽፏል... ባለቤቱ ጠመንጃ ሲይዝ አሥራ ስምንት አልሞላውም ነበር። ሥዕሉ ግሩም ነው፣ ሙዚቃው ሆድ ያባባል። ውጊያው ላይ ግን ጎይትኦም ቅሬታ አለው።

«አንተ መትተህ ትቆማለህ፣ ከዚያ ጠላት ይመታሃል። ተራ ጠባቂ ጠላት አይቼ አላውቅም» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ።

አደይ ለተብርሃን ሻሂ ይዘው የገቡት፣ ጌሙ ውስጥ አንዲት ልብሷ ጥቂት የሆነ ሴት ንግግር ስትጀምር ነው። ንግግሯን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። እሱ ጣሪያውን አየ፣ እኔ ቦርሳዬን አየሁ።

«እዚአስ... ይቺስ፣ አገራቸው ብርድ የለም?» አሉ አደይ ሻሂውን እያስቀመጡ።

ከዚያ አንድ የሚቃጠል ግንብ ውስጥ ገባን። ከጌሙ ጀግና ጓደኞች አንዱ እግሩ ተሰብሮ ወድቋል። ሁለት ምርጫ መጣ፦ ተሸከመው፣ ወይም ጥለኸው ሂድ። ጎይትኦም ሳያስብ «ተሸከመው» የሚለውን ተጫነ። ግንቡ ተደረመሰ፣ ሁሉም አለቁ፣ ጌሙ ወደ ኋላ መለሰን። የደረስንበትን ሴቭ አድርጎ የሚያስቀምጠው ጌሙ ራሱ በመረጠው ቦታ ብቻ ስለሆነ መንገዱን ሁሉ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ሌላኛውን ለምን አትሞክርም?»

«ሰው ጥለን አንሄድም፣ ሓወይ፣ ወንድሜ።»

እንደገና ግንቡ ጋ ደረስን። የወደቀው ሰውዬ የሚናገረው ከምርጫው በላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ጎይትኦም እንግሊዝኛው ደካማ ነው፣ «አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩለት።

«ሁለታችንም አንወጣም። አንተ ሂድ... ለእናቴ የሚነግራት ሰው ይትረፍ።»

«ድገመው» አለኝ።

ደገምኩለት። ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ተኽለም እንዲህ ነው ያለኝ» አለ። «ጓዴ ነበር። እናቱ እዚሁ ቅርብ፣ ዓዲ ኣበይቶ ናት። መሰዋቱን ሰምታለች፣ አብሬው እንደነበርኩም ታውቃለች። ከቤት ከወጣሁ አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ታገኘኛለች። ጥዬው ነው የመጣሁት እንዴት እላታለሁ?»

አደይ ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ልጃቸው ለምን እንደማይወጣ ያወቁት ያኔ ነው። እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ነጠላቸውን አነሱ።

«ተነስ ወደይ። መርዶ ለማድረስ ለብቻ አይኬድም፤ እናቱ ጋ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ጫማው እንደታሰረ ነው፣ ተነሳ።

ሁለቱም ወጡ... እኔ ቀረሁ። በሩን ክፍት ትቼ ብሄድ የሰው ቤት ነው፣ ቁልፍ የለኝም። ጌሙን ባጠፋው የጎይትኦም ልፋት ገደል ይገባል። ያ እግሩ የተሰበረው ሰውዬ ከስክሪኑ እያየኝ፣ እኔ መብራት እንዳይጠፋ ዱዓ እያደረግሁ ተቀመጥኩ። የቀዘቀዘ ሻሂ እየጠጣሁ፣ ጎይትኦም እዚህ ሶፋ ላይ እንዴት እንደሰነበተ ገባኝ። ወጥመድ ነው።

ሊመሽ ሲል ተመለሱ። የጎይትኦም ዓይን ቀልቷል፣ ትከሻው ግን ቀለል ብሏል።

«እናቱ ምን አሉህ?» አልኩት።

«አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ... ‹ውሃ ጠምቶት ነበር?› አለችኝ። አጠጥቼው ነው የሄድኩት አልኳት። ሳመችኝ።»

ቁጭ ሳይል ጆይስቲኩን አንስቶ «ጥለኸው ሂድ» የሚለውን ተጫነ። የግንቡ በር ተከፈተ፣ ከውጭ ሰፊ ሜዳ ታየ። ትንሽ ቆሞ አየውና ጌሙን በገዛ እጁ አጠፋው።

ጌሙ መጨረሻው እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም... ጎይትኦምን ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ቤት የለም።