የጋሽ ቆጣሪ ልብ

ጋሽ ቆጣሪ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞች ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረዋል፤ ከበር በር እየዞሩ በዓመት ሁለት ጥንድ ጫማ ይጨርሳሉ። በጉልበታቸው ስለሚመኩም፣ ቀኑን ሙሉ ከወንበር የማይነሱትን የቢሮ ሰዎች ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ሃምሳ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው የጤና ምርመራ አዘጋጀ። አዳራሹ ውስጥ ከፍታው ስንዝር ተኩል የማይሞላ የእንጨት ሳጥን ተቀመጠ። ነርሷ ሰዉን ተራ በተራ ለሦስት ደቂቃ ሳጥኑ ላይ ታስወጣና ታስወርዳለች፤ ከዚያ አስቀምጣ የአንድ ደቂቃ የልብ ምት ትቆጥራለች። ልቡ ቶሎ የረጋለት ሰው ጠንካራ ነው፤ እየደለቀ የቀጠለበት ገና ይቀረዋል።

ገንዘብ ያዡ ዘጠና አራት ሆነለት። ጋሽ ቆጣሪ መቶ ሃያ ስምንት። ነርሷ ቅጻቸው ላይ «ደካማ» ብላ ጻፈች፤ ጽሕፈቷ ያምር ነበር።

ጋሽ ቆጣሪ መጀመሪያ ሳጥኑን ጠረጠሩ። ቀጥሎ ሰዓቱን። በመጨረሻም ልጅቷ ቁጥር ማንበብ ሳይቸግራት አይቀርም አሉ። ገንዘብ ያዡ በየቀኑ አምስት ፎቅ በደረጃ እንደሚወጣ የሰሙት በኋላ ነው።

የመጨረሻ ልጃቸው የስፖርት መምህርት ናት። ነገሩን ስትሰማ አልሳቀችም፤ በማግስቱ ፈቃድ ወስዳ፣ ሰዓቷን አስራ፣ አብራቸው ስትዞር ዋለች። ማታ የቆጠረችውን ነገረቻቸው። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በስድስት ሰዓት፣ ስልሳ ሁለት ጊዜ መቆም። በየበሩ ሰላምታ አለ፣ የልጆች ደኅንነት አለ፣ የጎረቤት ወሬ አለ። ሳይቆሙ የሄዱበት ረጅሙ ጊዜ አራት ደቂቃ ሲሆን እሱም ውሻ ስላባረራቸው ነው።

«አባዬ፣ እግርህ ሠርቷል» አለቻቸው። «ልብህ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈቃድ ላይ ነው።»

«ታዲያ ደመወዙን ማን በላው?» አሉ ጋሽ ቆጣሪ።

ልጅቷ ትእዛዝ ሰጠች። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምታቸውን ይቆጥራሉ፤ የመጀመሪያው ቀን ሰባ ስምንት ነበር። በሳምንት አምስት ቀን ደግሞ ከሥራ መልስ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው የሚወስደውን ዳገት ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይሄዳሉ። ልኩ ቀላል ነው፦ እየሄዱ መዝፈን ከቻሉ ተኝተዋል፤ ማውራት ካቃታቸው አብዝተውታል።

ብቻውን የሚያወራ ሰው ደግሞ ያስወራል። ስለዚህ ባለቤታቸው አብረው ይወጡ ጀመር። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀሙት ጥያቄ ነበራቸው። እህትዎ ሲዳሩ ለምን እኔን ትተው ብቻዎን ወደ ሠርጉ ሄዱ ብለው ጀመሩ። ጋሽ ቆጣሪ ቤት ውስጥ ቢሆን ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጉ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ግን ማውራት የሕክምናው ክፍል ነውና መለሱ። የመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሻቸው ከ«አዎ» እና ከ«የለም» አላለፈም። በሁለተኛው ወር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተገኘ። ከዓረፍተ ነገሮቹም ጥቂቶቹ ይቅርታ ነበሩ። የመጀመሪያው ይቅርታ በተሰማበት ቀን ባለቤታቸው የባላቸውን ክንድ ይዘው ወረዱ።

በሦስተኛው ወር ሁለቱም ነርሷ ዘንድ ሄዱ። የጋሽ ቆጣሪ የጠዋት ምት ወደ ሰባ ወርዷል። ሳጥኑን ወጥተው ወርደው ሲቀመጡ መቶ ዘጠኝ ሆነ፤ «መካከለኛ» ተብሎ ተጻፈ። ባለቤታቸው ቦርሳቸውን ለባላቸው አስይዘው፣ እስቲ እኔም ልየው አሉ። ዘጠና ስድስት። «ጥሩ።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ዝም አሉ። ጋሽ ቆጣሪ ከዝምታው ይልቅ ቢስቁባቸው ይመርጡ ነበር። ለጠየቃቸው ሁሉ ግን መካከለኛ ማለት መሃል ማለት ነው፣ መሃል ደግሞ ከሁለቱም ወገን ነፋስ የማያገኘው ቦታ ነው ይላሉ።