ወደ ግራ የምትጎትተዋ መኪና

ጋራዡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ብሎን» ነው የሚሏት። አጠር ደልደል ያለች፣ አንዴ ከያዘች የማትለቅ ሴት ስለሆነች አለቃዋ ያወጣላት ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስትሰማው ፊቷ ይጠቁር ነበር። አሁን ስልክ ስታነሳ እንኳ «ሃሎ፣ ብሎን ነኝ» ትላለች። ስም እንደሆነ አንዴ ከተጣበቀ ምን ይደረጋል!

ሥራዋ የመኪና መሪ ማስተካከል ነው። መኪናው ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ያስቸገረው ሹፌር ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ቆማ፣ አንጋጣ፣ ዘይት ዓይኗ ውስጥ እየተንጠባጠበ ስታጠብቅና ስታላላ ትውላለች። ቤት ስትገባ አንገቷን ለማቅናት ግድግዳ ተደግፋ ትንሽ መቆም አለባት። እንግዲህ አንገት ነው፣ ብረት አይደለም።

አንድ ሕግ አላት። «ይጎትታል» የተባለ መኪና ሲመጣላት አንዲት ብሎን ሳትነካ መጀመሪያ ራሷ ትነዳዋለች። ቀጥሎ ሹፌሩን ታስነዳውና ከጎኑ ቁጭ ብላ እጁን ታያለች። ስንቱ አለ መሰላችሁ፣ ክርኑን መስኮት ላይ ሰቅሎ፣ መሪውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ራሱ እየጎተተ «ይቺ መኪና ጨረሰችኝ» የሚል! እንዲህ ያለውን ሰው ሳትከፍት ትመልሰዋለች። ይህንን ያስተማራት አባቷ ነው።

አባቷ የሩቅ መንገድ ሹፌር ነበር። «ነበር» ስል ቢሰማኝ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር፤ እሱ ዛሬም ሹፌር ነኝ ባይ ነው። አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ እየጎተተም ቢሆን ተመልሶለታል፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ እንግዳ ሰው እጅ ሆነበት። አሮጌዋ የጭነት መኪናው ግቢ ውስጥ ቆማለች። ቁልፏን በክር አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ገላውን ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም። እናትየው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤቱ ውስጥ አባትና ልጅ፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ መኪናዋ ናቸው ያሉት።

እጁን የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጀመሪያ የጎማ ኳስ ሰጥታው ነበር፤ ጨምቅ ብላ። «እኔ ድመት ነኝ እንዴ በኳስ የምጫወተው?» ብሎ በመስኮት ወረወረው። «እንግዲያው የሚወደው ነገር ይፈለግለት» አለቻት ባለሙያዋ ለብሎን። ብሎን አሰበች፤ አባቷ ከመንዳት ሌላ ምን ይወዳል? ሄዳ በሪሞት የምትነዳ መኪና ገዛችለት። ጫማ የምታህል፣ ቀይ መጫወቻ ናት። ሪሞቷን በግራ እጅ ጨብጠው፣ ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ መሪ በቀኝ እጅ ነው የሚያዞሩት።

ወይ ደስታው! «ይቺስ መሪ አላት» አለ፤ ከታመመ ወዲህ ሳቁን የሰማችው ያን ዕለት ነው። ከዚያ ቃል ገባ። መኪናዋን ከጓዳው በር አስነስቶ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ምንም ሳያስነካት የውጭው በር ላይ ያደረሳት ዕለት፣ በማግስቱ ትልቋን አስነስቶ መንገድ ይወጣል። ብሎን ሳቀች። መኪናዋ ገና ከመነሳቷ ወደ ግራ ታጥፋ የቁም ሳጥኑን እግር ስለምትገጨው ብዙም አላሳሰባትም ነበር።

እሱ ግን አልተወም። ማታ ማታ ገና በሩን ስትከፍት ይጠብቃታል።

«ይቺ ዕቃሽ ተንኮለኛ ናት። ወደ ግራ ትጎትታለች።»

«አባዬ፣ በሞቴ፣ የሚጎትት ሳስተካክል ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ አንዲት መጫወቻ ምን ታቅትሻለች? የሰው ታስተካክያለሽ፣ የአባትሽን ትተያለሽ።»

ይቺ ንግግር አንጀቷን በላችው። እረፍት በሆነችበት ቅዳሜ ከሰዓት ወለሉ ላይ ጨርቅ አነጠፈች፣ ትናንሾቹን መፍቻዎች አወጣች፣ መኪናዋን በጀርባዋ አስተኛቻት። አባቷ ወንበር ስቦ ከላይዋ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ፤ ያቺ ሕግ ያላት ሴት፣ ሳትነዳ የማትከፍተዋ፣ መኪናዋን አንዴ እንኳ ሳትነዳ ከፈተቻት። ደክሟት ነበር። መጫወቻም ናት ብላ ንቃታለች። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሹፌሩ አባቷ ነው፤ ያንን ሹፌር መጠርጠር በሐሳቧም አልመጣም።

በባትሪ ድንጋዮቹ ጀመረች። ቀየረቻቸው፤ ነዳ፤ ወደ ግራ። የፊት ጎማዎቹን ስታይ በግራው ላይ የምንጣፍ ክር ተጠምጥሞበታል።

«ይኸውልህ! ይሄ ነው ጠላትህ» አለች፤ ክሩን በወረንጦ እየመዘዘች።

«አላልኩሽም?» አለ። ነዳ። ቁም ሳጥን።

ሁለቱን ጎማዎች የምታያይዘውን ቀጭን ዘንግ ፈታች፤ አንዷ ጫፍ ላልታለች። አጠበቀቻት። ነዳ። ቁም ሳጥን። ጎማዎቹን የምታዞረዋን ትንሽ ሞተር አወጣቻት፤ ጥርሶቿ ላይ አቧራ አለ። በጥርስ ብሩሽ ጠረገችው። «የማን ብሩሽ ነው?» አለ አባቷ፣ ዓይኑን አጥብቦ። «አሮጌው ነው» አለችው፤ አዲሱ ነበር። ነዳ። አሁንም ቁም ሳጥን።

«ፋብሪካው ራሱ ሲሠራት ጠማማ አድርጓታል» አለና ውኃ ሊጠጣ ወደ ጓዳ ሄደ።

ብሎን ወለሉ ላይ ተዘረጋች። አንገቷ ይጠዘጥዛታል። መኪናዋ ቁም ሳጥኑ ሥር ተወሽቃለች፤ ተነስታ ማምጣት ተራራ መውጣት ሆነባት። ሪሞቷ አጠገቧ ስለነበረች፣ እንደተኛች አነሳቻትና መኪናዋን በኋሊት አወጣቻት። ወደ ፊት ላከቻት። መኪናዋ ኮሪደሩን ይዛ ቀጥ ብላ ሄደች። መለሰቻት፤ ቀጥ ብላ መጣች። ደግማ ላከቻት፤ ፀጉር ታህል አልተዛነፈችም።

ብሎን ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች።

አባቷ ሲመለስ ሪሞቷን ሰጠችው፤ መኪናዋን ትታ እጁን አየች። ጋራዥ ውስጥ ከሹፌር ጎን ተቀምጣ እንደምታየው አየችው። ቀኝ እጁ ትንሿ መሪ ላይ ተጋድሟል፤ በክብደቱ ወደ ራሱ ይጎትታታል፤ መሪዋ ወደ ኋላ ትዞራለች፤ ጎማዎቹ ወደ ግራ። እሱ አያውቅም። ጣቱ መሪዋን ቀጥ አድርጎ እንደያዛት ነው የሚያምነው። ቤተሰቡን ያበላ እጅ! 

መንገር ነበረባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን እሱን ከተናገረች በኋላ የሚመጣውን፣ ፊቱን፣ ዝምታውን፣ ምናልባትም ልቅሶውን መሸከም አለ፤ ያን ቅዳሜ ለዚያ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። ሪሞቷ ላይ ከመሪዋ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ማዞሪያ አለች፤ ጎማዎቹ ቆመው ሳሉ ከተዛነፉ ወደ መሐል የምትመልስ። ብሎን «እስቲ አንዴ» ብላ ተቀበለችውና ያቺን ማዞሪያ ወደ ቀኝ ጠመዘዘቻት፤ የእጁን ክብደት እስክትችልለት ድረስ።

«ሞክራት እስቲ አሁን። አንዲት ብሎን ላልታ ነው» አለችው።

ነዳ። መኪናዋ ከጓዳው በር ተነሳች፤ ቁም ሳጥኑን አለፈች፤ ኮሪደሩን ጨረሰች፤ የውጭው በር ላይ ደርሳ ቆመች።  አባቷ ጮኸ።

«አላልኩም! የኔ አልነበረም! አላልኩሽም!» ግንባሯን ሳማት። «የኔ ልጅ እጅሽ ይባረክ። ነገ ትልቋን አስነሳለሁ።»

«እሺ አባዬ» አለችው። ያስጨንቀው የነበረው ነገር ሲቃለል ያችን ቃሉን ይረሳታል ብላ ነው። ድካም እንዲህ ያሞኛል።

ጠዋት ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የብረት በር ድምፅ ነው። የጭነት መኪናዋን በር ታውቀዋለች፤ ሲከፈት ያቃስታል። በመስኮት ስታይ አባቷ የድሮ የሥራ ጃኬቱን ለብሶ፣ መሰላል እንደሚወጣ ሰው እየተንጠለጠለ ወደ ወንበሩ ይወጣል። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ማዶ መንገድ ነው፤ እሑድ ነው፣ የሰፈር ልጆች ኳስ ይዘው ወጥተዋል።  ምንም ሳትጫማ ሮጠች፤ ስታልፍ መጫወቻዋንና ሪሞቷን ይዛ።

«አባዬ! አንዴ! ከመውጣትህ በፊት አንድ ነገር እይልኝ።»

«ስመለስ አያለሁ።»

«አሁን እይልኝ። አፈር ስሆንልህ።»

በሩን ከፍቶ ቁልቁል አያት። ብሎን መጫወቻዋን ሲሚንቶው ላይ አስቀምጣ ራሷ ነዳቻት። መኪናዋ ወደ ቀኝ ታጥፋ ግንቡን ገጨች። መልሳ አስተካክላ ነዳቻት፤ ወደ ቀኝ፤ ግንብ።

«አንቺ ምን ሆንሽ? እንዲህ ነው የሚነዳው?» አለ። «አምጪው ወዲህ።»

ሪሞቷን አቀበለችው። ከላይ እንደተቀመጠ ነዳ። መኪናዋ እስከ ግቢው በር ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች። ፈገግ አለና ሪሞቷን መለሰላት። ነዳች፤ ወደ ቀኝ፤ ግንብ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ዕድሜ ልኩን መሪ የያዘ ሰው ነው፤ ይህን የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። አንዲት መኪና በአንዱ እጅ ቀጥ፣ በሌላው ጠማማ ስትሆን ምን ማለት እንደሆነ ለእሷ ያስተማራት እሱ ነው።

«ማዞሪያዋን ነክተሻል» አለ።

«አዎ።»

«ብዙ ነው?»

 «ብዙ ነው አባዬ።»

እጁን አየው። ጉልበቱ ላይ ገልብጦ አየው፣ ከሰው እንደ ተቀበለው ዕቃ። ከዚያ ቱግ አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ልጅ አደረግሽኝ? ወጥቼ የሰው ልጅ ብጨፈልቅስ ኖሮ?»

«ደክሞኝ ነበር» አለች። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አባቷ በራሱ ወረደ፤ ልትደግፈው ስትነሳ በክርኑ ገፋት። መኝታ ቤቱ ገብቶ ዘጋ። ቁልፏ አንገቱ ላይ እንዳለች ናት።

ቀኑን ሙሉ አላናገራትም። ሰኞ ሥራ ገባች፤ አንድ ሹፌር መጥቶ «ይጎትታል» ሲላት «መጀመሪያ አንተን ልይህ» ማለቱን ትታ መፍቻዋን አነሳች። ቀኑ እንደ ዓመት ረዘመባት። አባቷ ብቻውን ነው፣ ቁልፉም በእጁ ነው፤ ተነስቶ ቢወጣ የሚይዘው የለም። አለቃዋን አስፈቅዳ ቀደም ብላ ወጣች። ሰፈር ስትደርስ አንገቷን አስግጋ የግቢውን በር አየች። ዝግ ነው። ትልቋም ቦታዋ ናት።

ቤቱ ውስጥ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። አባቷ ኮሪደሩ ወለል ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። መጫወቻዋ ቁም ሳጥኑ እግር ላይ ተጋጭታ ቆማለች። ሪሞቷን ሲያቀብላት ያቺ ትንሽ ማዞሪያ ማስቲሽ ተለውሳ አየች። ወደ መሐል ተመልሳለች፤ ዙሪያዋን በጫማ ማስቲሽ ደፍኗታል። ብዙውን ማስቲሽ የጠጣው ግን ሪሞቷ ሳትሆን የራሱ እጅ ነው፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተጣብቀዋል።

«አሁን ማንም አያዞራትም» አለ። «እንዳታዝኝልኝ ብዬ ነው።»

 ብሎን ሞቅ ያለ ውኃና ሳሙና አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጣቶቹን ቀስ እያለች ትለያያቸው ጀመር። አባቷ በግራ እጁ የቁልፏን ክር ከአንገቱ አወለቀና በእሷ አንገት አጠለቀው።

«ብለምንሽ እንዳትሰጪኝ» አለ። «ብቆጣሽም፣ ባለቅስብሽም። በዚህ እጄ ይቺን መጫወቻ በራሴ ቀጥ አድርጌ እስክነዳት።»

«እሺ አባዬ።»

«ቅዳሜ ያልሽው ዓይነት እሺ እንዳይሆን።»

«አይደለም።»

ቁልፏ ትንሽ ናት፤ የብሎንን የታመመ አንገት ግን ከበደችው። ጣቶቹ ሲላቀቁለት አባቷ ሪሞቷን አነሳ። መኪናዋን በኋሊት አወጣት፣ ጓዳው በር ላይ አስቆማት፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ነዳ። መኪናዋ ወደ ግራ ታጠፈችና ቁም ሳጥኑን ገጨች።

አባትየው ከመኪናዋ ወደ እጁ አየ።

«መኪናዋስ ምንም የለባትም» አለ፤ መልሶም በኋሊት አወጣት።